በቀጭኔው ጉሮሮ ውስጥ የቀረው ባዘቶ

አሁን አሁን ሰዎች ተሰብስበው ስለ ምርጫ ሲከራከሩ፣ ሳጥኑ ይታመናል አይታመንም ሲባባሉ፣ እኔ ሰበብ ፈልጌ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ልጆቼ «እማዬ ፖለቲካ አትወድም» ይላሉ። የት አውቀው! እኔ የጠላሁት ፖለቲካውን ሳይሆን ሳጥኑን ነው። ናዝሬት፣ በደርግ ጊዜ፣ አንድ ሳጥን ወንድሜን በልቶብኛል።

እናቴ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። የአቦምሳና የመተሃራ ሾፌሮች፣ ከወንጂ ለእረፍት የሚወጡ ሸንኮራ ቆራጮች፣ ወደ ቡልቡላ እህል ሊጭኑ የሚወርዱ ነጋዴዎች ሁሉ የእሷን ቀይ ወጥ ያውቃሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እዚያው አስተናግድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፋል። በግራሶ ጠቁሮ ለምሳ ሲገባ እናቴ «ኧረ ወንበሬን!» ብላ ትጮህበትና፣ ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን መርጣ ታወጣለታለች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ ቀበሌው በሙሉ ያውቃል።

ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነበር። ከላይ ለቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጡ ይባላል፤ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ሊቀመንበሩ ነው። የእሱ ዘመዶችና የወዳጆቹ ልጆች አንድም ቀን ተራ ደርሷቸው አያውቅም። የሌላው ሰው ልጅ ግን ወይ ይሄዳል፣ ወይ አገር ቤት ዘመድ ዘንድ ይደበቃል። እናቴ ኩየራ የምታውቃቸው ሰዎች ዘንድ ልትሰደው ለምናው ነበር። «አንቺን ለማን ጥዬ? እነሱ እስኪመጡ እኔ ጎማዬን ልለጥፍ» አላት። ሞኝ! እኔም ያኔ ጀግና ነው ብዬ ኮራሁበት።

ሊቀመንበሩ ባዕድ አይደለም፤ እኛው ሰፈር ያደገ ነው። አብዮቱ ሳይመጣ፣ የአውቶቡስ ረዳት ሳለ፣ እናቴ ድስት ጠርጋ ያበላችው ሰው ነው። «እትዬ» ብሎ ነበር የሚጠራት፤ ሊቀመንበር ከሆነም በኋላ አልተወውም። ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ተልኮ ሲመለስ በዚያ በናዝሬት ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሶ መጣ። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ አያወልቀውም! እሱን ሳይ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ ይመጡብኝ ነበር።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ምርጫ ማለት እጅ ማውጣት ነው። «የደገፈ?» ሲባል አዳራሹ ሙሉ እጅ ይሆናል። «የተቃወመ?» ሲባል ዝንብ ፊቱ ላይ ያረፈችበት ሰው እንኳ እጁን አንስቶ አያባርራትም። በዚያ ዓመት ግን ሁለት እጩ ይቅረብ፣ ድምፁም በሚስጥር ይሰጥ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ከሊቀመንበሩ ጋር የሚወዳደር ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንድ የምድር ባቡር ሽማግሌ «እኔ አለሁ» ብለው ተነሱ። ሊቀመንበሩ ደስ አለው፤ ሰውየው ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ መፈክር የሚባል ነገር አያውቁም።

ሽማግሌው ምሳቸውን እኛ ቤት ነበር የሚበሉት። አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው «አካም፣ ነጉማ?» ብለው ገቡና ሰው እስኪቀል ድረስ ተቀመጡ። ከዚያ እናቴን ጠጋ ብለው፣ «ስሚኝማ፤ እኔ ከገባሁ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ ከዚህ ቀበሌ አይሄድም። ጮክ ብዬ አልናገረውም፤ አንቺ ግን እወቂው» አሏት።

እናቴ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ጋሼ፣ የእውነትዎን ነው?»

«ባቡር ላይ ስኖር ዋሽቼ አላውቅም። አሁን በእርጅናዬ ልጀምር?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ከስንት ጊዜ በኋላ ባዘቶ ገዝታ፣ ለወንድሜ ጋቢ ልታሠራለት፣ ሥራ ቀለል ሲል እንዝርቷን ማሾር ጀመረች። «ለክረምቱ ይደርስለታል» ትላለች። ክረምቱን እዚሁ ቤቱ እንደሚያሳልፍ እርግጠኛ ሆና ነው እንዲህ የምትለው። እኔም አምኜያት ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ምርጫው ሲቃረብ ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። መድረኩ ላይ በአንሶላ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ሊቀመንበሩ አንሶላውን ገለጠና «ጓዶች፣ ከእንግዲህ ምርጫችን ኋላ ቀር አይደለም። ይህ የምርጫ ማሽን ነው!» አለ። ወይ ማሽን! ከላሜራ የተበየደ ቁም ሳጥን የሚያክል ሳጥን ነው። መሃሉ በላሜራ ተከፍሏል፤ ከላዩ ሁለት ቱቦ ወጥቶለታል፤ በአንደኛው ወገን ዝሆን፣ በሌላኛው ቀጭኔ ተስሎበታል። ዝሆኑ ሊቀመንበሩ ነው፣ ቀጭኔው ሽማግሌው ናቸው። ወረቀት የለም፤ ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱ መራጭ ውስጡ ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ቆርኪ ይሰጠዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ በመረጠው ቱቦ ይጨምራል። ሌባ ሽቦ አስገብቶ ድምፅ እንዳያወጣ ቱቦዎቹ ወገባቸው ላይ ጠመም ተደርገዋል። ይህንን ሲያስረዳ ሊቀመንበሩ ራሱን የፈጠራ ሰው አድርጎ ነበር።

«አሁን ሙከራ!» አለና አንድ ቆርኪ በዝሆኑ ቱቦ ጨመረ። ጡፍ አለ፤ ጭራሽ የማይሰማ ነገር ነው። ቀጥሎ በቀጭኔው ጨመረ። ቋ! ቋ! ቋ! እያለ ወርዶ ከታች ላሜራው ላይ ጓ ብሎ አረፈ። ማን ምን እንደመረጠ ውጭ በር ላይ የቆመ ሰው እንኳ ሊሰማው ነው። ሁሉም ሰው ገብቶታል፣ ሁሉም ሰው ዝም ብሏል።

እናቴ ተነሳች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ የቀጭኔው ጎን ይጮሃል እኮ» አለች።

እሱ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ድምፅ አይደለም እንዴ? ድምፅ መሰማት አለበት!»

ሰው ሳቀ። የሳቀው ቀልዱ ስላሳቀው አይደለም፤ ሊቀመንበር ሲቀልድ ስለሚሳቅ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። እኔ ጥርሴን ነክሼ የእሱን ጃኬት አያለሁ።

ቤት ስንገባ ወንድሜ ሌላ ጉድ ነገረን። «የዝሆኑ ጎን ለምን እንደማይጮህ ታውቃላችሁ? ከሥሩ ካላማዳሪያ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ተነጥፎበታል። እኔ ነኝ የቆረጥኩላቸው። ዝገት እንዳይበላው ነው ብለው ሰው ልከው ከኛ ጎሚስታ ነው የወሰዱት። እኔ ደግሞ ለሁለቱም ጎን መስሎኝ» አለ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። እንዝርቷን አስቀምጣ በጭኗ ላይ ያለውን ባዘቶ ታየዋለች። «ላስቲክ ያፈነውን ጥጥ አያፍነውም?» አለች።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፤ ባዘቶውን በቀጭኔው ቱቦ ትከታለች፤ ባዘቶው ወርዶ ከሥር ይነጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ቆርኪ ሁሉ ጥጥ ላይ ያርፋል። ማንም ምንም አይሰማም። ለምታምናቸው ሴቶች በየጓዳው እየገባች ሹክ አለቻቸው፤ እነሱም ለሌሎች ነገሩ። «አይዟችሁ፣ አይጮህም» የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። ሰው በዚያ ወሬ ብቻ ልብ አገኘ። ሊቀመንበሩ ጆሮ ሳይደርስ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የምርጫው ቀን እናቴ ጎህ ሳይቀድ ሄዳ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ማንም ሳይመርጥ መቅረት አይችልም፤ የቀበሌ ካርዱ ላይ ማኅተም ካልተመታለት ከኅብረት ሱቁ ስኳር አያገኝም። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በካርድ! እኔ ሰልፉ ላይ ከእሷ ብዙ ሰው ራቅ ብዬ ነበርኩ። ስትገባ አየኋት፤ ጡቷ አካባቢ ወፍራ ነበር። ስትወጣ ቀጥናለች። እኔን ስታይ በዓይኗ ጠቀስ አደረገችኝና ከውጭ ዛፉ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። እውነትም ከመጋረጃው ጀርባ አንዳች ድምፅ አይሰማም። አልፎ አልፎ ጡፍ ይላል፣ አንዳንዴ እሱም የለም። እናቴ በሩቁ ፈገግ ትልልኛለች።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ቆርኪዬን ወደ ቀጭኔው ቱቦ አፍ ሳስጠጋ ክው አልኩ። ቱቦው እስከ አፉ ሞልቷል! ባዘቶው አልወረደም። እዚያ ጠመም ያለው ቦታ ላይ ተወትፎ ቀርቶ፣ ቆርኪዎቹ በላዩ ላይ ተደራርበዋል። በጣቴ ገፋሁት፤ ጥጡ ጠቅጠቅ ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። የኔን ባስቀምጥበት አናቱ ላይ ተገትሮ የሚታይ ነው። ከመጋረጃው ውጭ የቆመው ጥበቃ «ምን ታደርጊያለሽ? ጨርሺ እንጂ!» አለኝ። ማንን ልጥራ? ምን ልበል? የቀጭኔው አልገባ አለኝ ማለት ቀጭኔውን መረጥኩ ማለት ነው። ቆርኪዬን ሻሼ ውስጥ ሸጎጥኩና ወጣሁ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቱቦው ከሞላ ወዲህ የገባው ሰው ሁሉ ያየው ይህንኑ ነው። ከፊሉ እንደኔ ቆርኪውን ይዞት ወጥቷል። ከፊሉ ደግሞ ፈርቶ፣ የጨመርክበት ድምፅ የታል እንዳይባል፣ በዝሆኑ ጨምሮ ሄዷል። አንዱም ለሌላው አልተናገረም። ሰልፉ ላይ ለቆሙት ልንገራቸው ብዬ ዞር ስል ጥበቃው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እናቴ ጋ ስደርስ ክንዴን ያዘችኝና፣ «ሰማሽ? አንዳች አይሰማም!» አለችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንገራት? አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ሕዝብ ፊት ተከፈተ። የዝሆኑ ወገን ሲከፈት ቆርኪ በቆርኪ ሆነ። የቀጭኔው ሲከፈት አንድም አልወደቀም። ባዶ! ሊቀመንበሩ ራሱ ደነገጠ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ኧረ እኔ እንኳ ለራሴ ሰጥቻለሁ!» አሉ። ሰው ሳቁን ያፍናል። ሳጥኑን የሠራው በያጅ ሽቦ አጥፎ ወደ ቱቦው ከተተና ጎተተው። መጀመሪያ ጥቂት ቆርኪ ተንጠባጠበ፤ ከኋላው ያ ነጭ ባዘቶ እንደ አንጀት እየተጎተተ ወጣ።

ሊቀመንበሩ ባዘቶውን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይሄ የማን ነው?» አለ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። በዚያ ጊዜ አሻጥር የሚባል ቃል አለ፤ በዚያ ቃል እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው እናውቃለን። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ። እጄን አስለቅቃ ተነሳች።

«የኔ ነው» አለች። «ይጮሃል ብዬህ ነበር።»

ያኔ ነው አለመታደሏን ያየሁት። እሱ ሊቆጣ የነበረው ሰውዬ፣ ነገሩ ሲገባው፣ ቀስ እያለ ፈገግ አለ። «ጓዶች፣ ሰምታችኋል። የተወዳዳሪውን ድምፅ ያፈነው ቀበሌው አይደለም። ያፈኑት እትዬ ናቸው!» አለ። መጀመሪያ ጥበቃዎቹ አጨበጨቡ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው አጨበጨበ። ቱቦ ውስጥ የተገኙትን ቆርኪዎች «ሳጥን ያልደረሰ ድምፅ ድምፅ አይባልም» ብሎ ወደ ጎን ጠረጋቸው። ማሰርም አላስፈለገውም። ከመድረክ ወርዶ ባዘቶውን እጇ ላይ አኖረላትና «ይፍተሉበት» አላት። ካበላችው እጅ ላይ ነው ያኖረው፣ እግዜር ይይለት።

ወንድሜን ብዙም ሳይቆዩ መጡበት። ጎማ ከነቸርኬው እያንከባለለ ሳለ ከጎሚስታው በር ላይ ነው የያዙት፤ እጁን እንኳ አላስታጠቡትም። እናቴ ቀበሌ ሄዳ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሊቀመንበሩ ደግፎ አነሳትና፣ «እትዬ፣ ቂም እንዳይመስልዎት። ተራው ነው» አላት። በእውነት ከቂም አይደለም። ቂም ቢይዝባት ይሻለኝ ነበር፤ ለእሱ ከቁጥርም አልገባንም። ሽማግሌው ለልጁ ሊማጸኑ ሄደው «እርስዎ አልተመረጡም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ምሳቸውን እኛ ቤት መብላት አፈሩ።

የቆርኪው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ሴት ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እኔ ለዝሆኑ አልሰጠሁም፤ ይኸው» ብላ ወጣች። በማግስቱ ሌላ መጣ። የቀበሌያችን ሾፌሮች ሳይቀሩ ምሳ በልተው ሲነሱ ከሰሃኑ ሥር ትተው ይሄዳሉ። እናቴ እያንዳንዱን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ትከታለች። እኔ ጣሳው ሲንኳኳ ደሜ ይፈላል። ልጁ ከሄደ በኋላ ድምፅ ምን ያደርግላታል! እነሱ ግን ቀለላቸው፤ አስቀምጠው ሲወጡ ትከሻቸው ቀና ሲል ይታየኛል።

አንድ ቀን ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን መጣች። እሷና እናቴ አብረው ነው የኖሩት፤ እርሾ የሚዋዋሱ፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ናቸው። ልጇ የወንድሜ እኩያ ነው። እሷም ቆርኪዋን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ይኸው የኔም» አለች። አነሳሁትና ገለበጥኩት። ቀለም የለበትም! ከየትም ከመንገድ ያነሳችው የለስላሳ ቆርኪ ነው።

«ቀለሙ የታለ?» አልኳት። «አንቺን እኮ ነው፤ ቀይ ቀለሙ የታለ? የራስሽን የት ጨመርሽው?»

ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ልከተላት ስነሳ እናቴ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ቆርኪውን ከእጄ ወስዳ ከሌሎቹ ጋር ጣሳው ውስጥ ጨመረችው። «ተያት» አለችኝ። «እሷም ወንድ ልጅ አላት።»

ጋቢው በክረምቱ መግቢያ ከሸማኔ ቤት መጣ። ያንን ከቱቦ የተጎተተ ባዘቶ፣ ዝገት የነካውን እየለቀመች ጥላ፣ ቀሪውን ፈትላበታለች። እናቴ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ስለ ወንድሜ ምንም አንሰማም። ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ ዙር ታዘዘና የጎረቤታችንን ልጅ ወሰዱት። ዝሆኑ አላስጣለውም። ሴትዮዋ በራችን ላይ መጥታ ደረቷን ስትደቃ እናቴ ገብታ ሳጥኗን ከፈተች፣ ጋቢውን አወጣች። «ገና ከአዳራሹ አልወጡም ይባላል፤ ሩጪ፣ ድረሽበት፣ አልብሽው» ብላ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።

ሁለቱም ልጆች አልተመለሱም፤ ጋቢውም እዚያው ቀረ። ሰው እናቴን እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ያመሰግናታል፣ እሷም ጽድቅ ሠርታለች፣ አልከለክልም። እኔ ብሆን ግን አልሰጣትም ነበር። ዛሬም አልሰጣትም።